የድንግል እጮኛ በደሴና በሽቱትጋርት

በክርስቶስ ከድንግል መወለድ የሚያምን ሰው ሌላም ጥያቄ ይከተለዋል፤ ዮሴፍ ለእመቤታችን ምኗ ነበር? ባሏ፣ እጮኛዋ ወይስ ጠባቂዋ? ተወልጄ ባደግሁባት በደሴ ይህን ጮክ ብሎ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አልገጠመኝም። ኑሮዬን በመሠረትሁባት በጀርመኗ ሽቱትጋርት ግን ጥያቄው ከሥራ ባልደረቦች፣ ከጎረቤቶች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እዚያው ከተወለዱት ከእኛው ልጆች አፍ አይጠፋም። የሁለቱን አገር አጠያየቅና አመላለስ ለዓመታት ሳስተያይ አንድ አሳብ እየጸናብኝ መጥቷል፤ የድንግልናው እምነት በውጭ አገር በሚያድጉ ልጆቻችን ልብ እንዲቆይ ከፈለግን ስለ ዮሴፍና ስለ እጮኝነቱ እስካሁን ከምናስተምረው በላይ ማስተማር ይኖርብናል። ለዚህ ትምህርት የሚያስፈልገው ዕውቀት ደግሞ ከአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ይልቅ በወሎ ቤቶች ውስጥ ይገኛል።

በጀርመን የገና ሰሞን ዮሴፍ የማይታይበት ቦታ የለም። በየቤተ ክርስቲያኑና በየገበያው አደባባይ ከእንጨት ተቀርጾ፣ ፋኖስ ይዞ ወይም በበትሩ ተደግፎ ከግርግሙ አጠገብ ይቆማል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በአውሮፓ አቆጣጠር ማርች 19 ቀን በዓሉን ታከብራለች፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 9ኛ በ1870 የመላዋ ቤተ ክርስቲያን ጠባቂ ብለው ሰይመውታል፤ ፒዮስ 12ኛ ደግሞ በ1955 ሜይ 1 ቀን የሠራተኛው ዮሴፍ በዓል ሆኖ እንዲከበር ደንግገዋል። ይህ ሁሉ ክብር እየተሰጠው፣ በዚያው አገር የልደቱን ተአምር ራሱን የሚጠራጠር ሰው ብዙ ነው። በፕሮቴስታንቶቹ የእሑድ አምልኮ በሚደገመው የሐዋርያት የእምነት መግለጫ ውስጥ ክርስቶስ ከድንግል ማርያም መወለዱ በግልጽ ተነግሯል፤ ሆኖም ቃሉን እየደገሙ ያደጉና እኔ ያነጋገርኋቸው ሰዎች አብዛኞቹ ነገሩን የሚቀበሉት እንደ ምሳሌ እንጂ እንደ ሆነ ነገር አይደለም።

ክርክሩ የቆየ ነው፤ አንዱ ምዕራፉም የተከፈተው ሽቱትጋርት በምትገኝበት ክፍለ አገር በቩርትምበርግ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1891 ክሪስቶፍ ሽሬምፕፍ የሚባል የዚያ አካባቢ ቄስ ሕፃን ሲያጠምቅ የሐዋርያትን የእምነት መግለጫ አልደግምም አለ፤ በተከታዩ ዓመትም ከአገልግሎት ተሰናበተ። በርሊን ያስተምር የነበረው ስመ ጥሩው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ምሁር አዶልፍ ፎን ሃርናክ በ1892 በክርክሩ ገብቶ፣ ከድንግል መወለዱን የሚናገረውን አንቀጽ መቀበል የክርስትና ግዴታ ተደርጎ መቆጠሩን ተቃወመ። ከአርባ ዓመታት በኋላ ደግሞ ስዊዛዊው የነገረ መለኮት ምሁር ካርል ባርት በተቃራኒው ቆሞ ትምህርቱን በጽኑ ተከላከለለት። እነዚህን ሰዎች የማነሣው በምሁራኑ መካከል የተደረገው ክርክር ወደ ተራው ሰው ቤት ወርዶ የቀረውን መልክ ለማሳየት ነው። ዛሬ ጀርመናዊ ጎረቤቴ የሚጠይቀኝ አንዲት ሴት ያለ ወንድ ልትፀንስ ትችላለች ወይ ብሎ ነው፤ አትችልም ብሎ ከተነሣ በኋላ ዮሴፍ ለእሱ የሚቀረው ያልተነገረለት አባት ሆኖ ብቻ ነው።

በደሴ ነገሩ የሚጀምረው ከሌላ ቦታ ነው። ምጥ በያዛት ሴት ደጃፍ የተሰበሰቡ ሴቶች «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ይለምናሉ፤ በሰላም ስትገላገል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትባላለች። ግንቦት 1 ቀን ልደታ በየሰፈሩ ንፍሮ ተቀቅሎ ከደጅ ይበላል፤ መስከረም 21 ሲቃረብ ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ የሚጓዘው ሕዝብ የከተማዋን መናኸሪያና አልጋ ቤቶች ይሞላል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ 33 የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ ከደነገጉ ወዲህ ዓመቱ ከዳር እስከ ዳር ስሟ ያለበት ነው። በእንዲህ ያለ ኑሮ ያደገ ሰው ድንግልናዋን በማስረጃ አልተቀበለም፤ ከእናቱ ጡት ጋር ነው ያገኘው።

ደሴ ላይ ሌላም ነገር አለ። ከሸዋ በር መስጊድ ጀምሮ እስከ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ድረስ ባለው መንገድ በሚኖሩት ሁሉ ዘንድ ከድንግል መወለዱ አያከራክርም። የቁርአን 19ኛው ሱራ በመርየም ስም የተጠራ ነው፤ መልአኩ ሲያበሥራት ወንድ ሳይነካኝ እንዴት ልጅ ይኖረኛል ማለቷን፣ ምጥ በያዛት ጊዜም ወደ ተምር ግንድ መጠጋቷን ይናገራል። በእርግጥ በሁለቱ እምነቶች መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ለሙስሊሙ ኢሳ ነቢይ ነው፣ ለእኛ ግን ሰው የሆነ አምላክ ነው፤ ይህን በመከባበር ስም ማደብዘዝ ለሁለቱም ወገን ታማኝ አለመሆን ይመስለኛል። ቢሆንም በዚህ በአንዱ ነጥብ በክርስቲያን ስም ከተጠመቀው የሽቱትጋርት ባልደረባዬ ይልቅ የሸዋ በሩ ሙስሊም ይቀርበኛል።

ይህን ቅርበት በዓይኔ ያየሁት የእህቴን ልጅ ይዤ ለክረምት ወደ ደሴ በሄድሁበት ጊዜ ነው። ልጁ ጀርመን ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛውን በደንብ የሚናገር፣ የገባውን ያህል ደግሞ የሚጠይቅ ነው። እናቴ ቡና አፍልታ፣ ከልጅነታችን ጀምሮ አብረውን የኖሩት ሙስሊሟ ጎረቤታችንም ተጠርተው ሁለተኛው ስኒ ሲቀዳ፣ «እማማ፣ ዮሴፍ ባሏ ካልነበረ ሊፈታት ያሰበው ለምንድን ነው? ያላገባ ሰው ይፈታል እንዴ?» ሲል አያቱን ጠየቃት። እናቴ ደንገጥ ብላ «ጠባቂዋ ነው ልጄ፤ እንዲህ ያለው ነገር አይጠየቅም» አለችው። ጎረቤታችን ግን ስኒያቸውን አስቀምጠው «አብሽር፣ ይጠይቅ እንጂ» አሉና ወደ ልጁ ዞረው፣ «ኒካሕ ታስሮ ሠርጉ ያልደረሰ ማለት እኮ ነው። ሰው ሁሉ የእሱ ናት ብሎ ያውቃታል፤ እሷ ግን ገና አልገባችለትም» አሉት። ቁርአን የማርያምን እጮኛ ዮሴፍን አይጠቅስም፤ ጎረቤታችን ታሪኩን የሚያውቁት ከእናቴ ጋር ባሳለፉት የቡና ዘመን ነው። ልጁ በሰንበት ትምህርት ቤትም በጀርመን ትምህርት ቤቱም ያላገኘውን መልስ በዚያች ቅጽበት አገኘ።

መልሱ ትክክል ነው። በጌታ ዘመን በአይሁድ ዘንድ ጋብቻ በሁለት ደረጃ ይፈጸም ነበር። በመጀመሪያው ደረጃ ልጅቱ ትታጫለች፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በሕግ ፊት የሰውየው ሚስት ትባላለች፣ ያለ ፍች ወረቀትም ልትለየው አትችልም። ለሠርጉ መሰናጃ በአይሁድ ሥርዓት ለድንግል 12 ወር ይሰጣት ነበር፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ አብረው አይኖሩም። በኦሪት ዘዳግም 22፥23-24 እንደ ተጻፈው የታጨች ድንግል ከሌላ ወንድ ጋር ብትገኝ ቅጣቱ በድንጋይ መወገር ነበር። እንግዲህ ማቴዎስ በ1፥18-19 ሳይገናኙ ፀንሳ ተገኘች፣ ዮሴፍም በስውር ሊተዋት አሰበ ሲል፣ የሚናገረው በእነዚህ በሁለቱ ደረጃዎች መካከል ስለነበረችው ስለዚያች አስጊ ጊዜ ነው።

የደሴ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሽማግሌ ተልኮ፣ የሁለቱ ቤተ ዘመድ ተስማምቶ፣ ማጫው ተቆርጦ፣ ቀለበት ከታሰረ በኋላ ነገሩ የሁለት ልጆች ብቻ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል፤ ለማፍረስም ያገናኙት ሽማግሌዎች መልሰው መቀመጥ አለባቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ራሱ እጮኝነትን ሁለት ቤተሰቦች ጋብቻ እንዲፈጸም የሚስማሙበት ውል አድርጎ ነበር የደነገገው። የጀርመኑ ሕግ በአንጻሩ በአንቀጽ 1297 ማንም እጮኛውን አግባኝ ብሎ መክሰስ እንደማይችል ይናገራል፤ ነገሩ ከፈረሰ በአንቀጽ 1301 መሠረት ስጦታ መመላለስ ይቻላል። ይህ ለጀርመን ኑሮ የሚስማማ ሕግ ነው፤ ሰውን ያለ ፈቃዱ ከማጋባት ያድናልና አልነቅፈውም። ነገር ግን እጮኝነት ማለት ቀለበት መልሶ የሚለያዩበት ነገር መሆኑን እያየ ያደገ ልጅ የማቴዎስን ምዕራፍ ሲያነብ የዮሴፍ ጭንቀት ከየት እንደመጣ አይገባውም። ዮሴፍ ለምን እንቅልፍ አጣ? መልአኩስ «እጮኛህን ማርያምን ለመውሰድ አትፍራ» ማለት ለምን አስፈለገው? የልጁ ጥያቄ የእምነት ማነስ አይደለም፤ ታሪኩ የቆመበትን ኑሮ ስላላየ ነው።

እዚህ ላይ በአገር ቤት ላይ የማነሣው ወቀሳ አለኝ፤ በፍቅር የማነሣው ነው። ወሎ የእመቤታችንን አደጋ ያውቀዋል፣ የዮሴፍን ጽድቅ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳዋል። ሳታገባ ያረገዘች ልጅ በሰፈር ምን እንደሚያጋጥማት ለደሴ አንባቢ መተረክ አያስፈልግም፤ ከትምህርቷ ትቀራለች፣ ወደ ሩቅ ዘመድ ትሸኛለች፣ አባቷ ስሟን መጥራት ይተዋል። የሙሽራ ድንግልና በጨርቅ ታይቶ «ብር አምባር» እየተባለ የሚጨፈርበት ልማድ በከተማው እየቀረ ቢመጣም ከሰዎች አሳብ ገና አልወጣም። ወንጌሉ ግን ዮሴፍን ጻድቅ የሚለው ሊገልጣት ባለመውደዱ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ደግሞ የነገሩ ቅደም ተከተል ነው፤ ዮሴፍ ላለማዋረድ የወሰነው መልአኩ በሕልም ከመምጣቱ በፊት፣ ፅንሱ ከመንፈስ ቅዱስ መሆኑን ገና ሳያውቅ፣ ተበድያለሁ ብሎ ሊያስብ በሚችልበት ሰዓት ነው። ተአምሩ የተገለጠለት ምሕረትን ከመረጠ በኋላ ነው። በጀርመን ያላገባች ነፍሰ ጡር በአደባባይ አትዋረድም፣ መንግሥትም ይደግፋታል፤ በዚህ ረገድ ብዙዎች ስለ ድንግል መወለዱ ምንም ሳያምኑ እንኳ የዮሴፍን ሥራ ሲሠሩ አያለሁ። በየዕለቱ ውዳሴ ማርያም የሚደገምበት የእኛው ሰፈር ደግሞ ልጆቹን በአደባባይ ሲያጋልጥ ማየት ያሳዝነኛል፤ ሰባኪዎቻችንም ይህን የማቴዎስን ክፍል በዚህ ረገድ ሲያነሡት ብዙ ጊዜ አልሰማሁም።

ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ዮሴፍ የምታስተምረው ራሱ ባለጸጋ ነው፤ ችግሩ በምዕመናን ዘንድ «ጠባቂዋ ነው» በሚለው አጭር መልስ ላይ መቆሙ ነው። በትውፊታችን እመቤታችን በ3 ዓመቷ ቤተ መቅደስ ገብታ 12 ዓመት ከኖረች በኋላ፣ በ15 ዓመቷ የምትጠበቅበት ሰው እንዲመረጥ ካህኑ ዘካርያስ የአረጋውያንን በትር ሰበሰበ፤ ዕጣውም ርግብ ባረፈችበት በዮሴፍ ላይ ወጣ። የሚገርመው ቁርአንም በ3ኛው ሱራ መርየምን ማን እንደሚያሳድጋት ለመለየት ብርዖቻቸውን ለዕጣ እንደጣሉ መናገሩ ነው፤ በዚያ ላይ ግን አሳዳጊዋ የሚሆነው ዘከሪያ ነው። የአባ ሕርያቆስ ቅዳሴ ማርያም ድንግል ለዮሴፍ የታጨችው ለሩካቤ ሳይሆን በንጽሕና ሊጠብቃት መሆኑን በግልጽ ይናገራል። ሊቃውንቱ ስለምን ታጨች ብለው ይጠይቁና መልሱን ያሰፋሉ፤ እንደ ሕጉ እንዳትወገር፣ በስደቷ የሚራዳት እንዲኖር፣ ትውልዱም በዳዊት ቤት እንዲቆጠር። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአንጾኪያው አግናጥዮስ የድንግልናዋና የመውለዷ ምሥጢር ከዚህ ዓለም ገዥ ከዲያብሎስ ተሰውሮ እንደነበር ጽፏል፤ ከእሱ በኋላ የመጡ አባቶችም እጮኝነቱን የዚያ ምሥጢር መሸፈኛ አድርገው ተረድተውታል። እነዚህ ምክንያቶች ለልጅ ቢነገሩ ዮሴፍ ከሥዕሉ ዳር የቆመ ሽማግሌ መሆኑ ቀርቶ በመዳን ታሪክ ውስጥ ሥራ የተሰጠው ሰው ይሆናል።

ካቶሊኮቹ በአውግስጢኖስ ትምህርት ተመርተው የሁለቱ ጋብቻ በፈቃድ የጸና እውነተኛ ጋብቻ ነበር፣ ሩካቤ ግን አልነበረበትም ይላሉ። እኛ ደግሞ ጥበቃውን እናስቀድማለን። በዘላለማዊ ድንግልናዋ ግን እንስማማለን፤ ጀርመናውያን ወዳጆቼ ሲሰሙት የሚደነቁበትም ማርቲን ሉተር ራሱ ይህንኑ ያምን እንደነበር ነው። ከዚያ ወዲህ አብዛኞቹ ፕሮቴስታንቶች ይህን ትተው በማቴዎስ 13፥55 የተጠቀሱትን የጌታን ወንድሞች የማርያም ልጆች አድርገው ይረዷቸዋል፤ በደሴም ከወንጌላውያን ጎረቤቶች ጋር የሚነሣው ክርክር በአብዛኛው ይኸው ነው። በ383 አካባቢ ሄሮኒሞስ፣ ማርያም ሌሎች ልጆች ነበሯት ላለው ለሄልቪድዮስ በጻፈው መልስ የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው ብሏል፤ የእኛ ትምህርት ዮሴፍ ከቀደመች ሚስቱ የወለዳቸው ናቸው የሚል ነው። እኔን ከሁሉ የሚያሳምነኝ በዮሐንስ 19፥26-27 ያለው ነው፤ ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለዮሐንስ አደራ የሰጠው ሌላ የሚጦራት ልጅ ስላልነበራት ነው።

ስለ ልደቱ የተደረገው ታላቁ የአገራችን ክርክር የተዘጋውም ከደሴ ደጃፍ መሆኑን ብዙ ወጣቶች አያውቁም። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት ጉባኤ ሊቃውንቱ ከደሴ በስተሰሜን ባለችው በቦሩ ሜዳ ተከራከሩ። አንደኛው ወገን የወልድ ልደታት ሁለት ናቸው አለ፤ ከዘመን በፊት ከአብ፣ በዘመን ፍጻሜ ከድንግል። ሌላው በመንፈስ ቅዱስ መቀባቱን ሦስተኛ ልደት አድርጎ ቆጠረ። የሁለት ልደቱ ትምህርት ጸና፤ ከድንግል መወለዱን ግን ከሁለቱ ወገን የተጠራጠረ አልነበረም። በዚያው ዘመን የወሎ ሙስሊሞች በንጉሥ ትእዛዝ እንዲጠመቁ ተገደዋል፤ በኋላ ደሴን መናገሻቸው ያደረጉት ራስ ሚካኤልም ቀድሞ ኢማም መሐመድ አሊ ይባሉ ነበር። እምነትን በአዋጅ ማስፋት የቻለ ያ ዘመን በሰው ልብ ላይ የተወው ቁስል ቀላል አልነበረም። ስለዚህ ነው ጎረቤታችን በገዛ ፈቃዳቸው፣ በራሳቸው ሃይማኖት ሳሉ፣ የዮሴፍን እጮኝነት ለልጃችን ማብራራታቸውን ከፍ አድርጌ የማየው።

በውጭ ያሉ ሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን ስለ እመቤታችን መዝሙር በማስጠናት የሚመሰገኑ ናቸው። የጎደለው የልጆቹን ጥያቄ ሳይደነግጡ መቀበል፣ የማቴዎስን የመጀመሪያ ምዕራፍ ከአይሁድ የጋብቻ ሥርዓትና ከራሳችን የማጨት ባህል ጋር አስተያይቶ ማስረዳት ነው። «አይጠየቅም» የሚለው መልስ ደሴ ላይ ልጁን የሚይዘው ሌላ ብዙ ነገር ስላለ ጉዳቱ ላይታይ ይችላል፤ ሽቱትጋርት ላይ ግን ልጁ መልሱን ፍለጋ ወደ ስልኩ ይሄዳል፣ እዚያ የሚያገኘው ደግሞ ከሃርናክ ክርክር የተረፈውን ጥርጣሬ ነው። ዘጠኝ ወይም ዐሥር ዓመት የሞላው ልጅ ስለ ፅንስ በትምህርት ቤት ተምሯል፤ ስለዚህ በግልጽ ቋንቋ ያለ ወንድ ዘር በመንፈስ ቅዱስ ግብር ፀነሰች ብንለው ያፈርንበት ነገር እንዳልሆነ ያያል።

ቀኑም የተመቸ ነው። ስንክሳር የቅዱስ ዮሴፍን ዕረፍት የሚያስበው ሐምሌ 26 ቀን ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ኦገስት 2 ይውላል፣ በቩርትምበርግ ትምህርት ቤቶች ለበጋ የሚዘጉበት ወቅት ነው። በደሴም በውጭም ይህ በዓል በብዙ ቤት ሳይታወቅ ያልፋል። አስተማሪዎቹ ያን ቀን ከልጆቹ ጋር ምዕራፉን ቢያነቡ፣ ከአገር ቤት የመጡ እናቶችና አባቶችም እንዴት እንደታጩና ሽማግሌዎቻቸው ምን እንደተነጋገሩ ለልጆቹ ቢነግሩ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ነሐሴ 1 ጾመ ፍልሰታ ሲገባና በየማታው ውዳሴ ማርያም ሲተረጎም ልጆቹ ድንግል የታጨችለት ሰው ማን እንደነበረና ስለ እሷ ምን እንደ ወሰነ ዐውቀው ይቀመጣሉ።